ከባንክራፕሲው ይልቅ መደበቁ ይጎዳናል፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአሜሪካ ባሉ የሐበሻ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፖች አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። ጉዳዩ ባንክራፕሲ ነው፤ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት በኩል ዕዳውን የሚያሰርዝበት ወይም ከፋፍሎ የሚከፍልበት ሕጋዊ መንገድ ማለት ነው። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው በምንም መንገድ እንዳይሞክረው ያስጠነቅቃል። ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ጽሑፉ ትልልቅ ስህተቶች አሉበት። አንዱ ምክር ደግሞ ሰው እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ባንክራፕሲ ፋይል ያደረገ፣ ማለትም ለፍርድ ቤቱ ያመለከተ፣ ሰው ቤቱን፣ መኪናውን፣ ያጠራቀመውን ሁሉ ያጣል ይላሉ። ክሬዲቱ፣ ብድር ለማግኘት የሚታይለት የዕዳ አከፋፈል ታሪኩ፣ ለ10 ዓመት ይሞታል፤ ቤት መግዛት አይታሰብም። የግሪን ካርድና የዜግነት ጉዳዩ ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ገንዘብ መካድ ስለሆነ ነውርም ኃጢአትም ነው። ታዲያ ምን ይደረግ? የጡረታ ገንዘብህን አውጥተህ ክፈል። ካልበቃ ከዕዳ አደራዳሪ ድርጅት ጋር ተዋዋል። ወይም 7 ዓመት ታገስ፣ ዕዳው ራሱ ይጠፋል። ቤት ካለህ አስቀድመህ በወንድምህ ስም አድርገው። ነጋዴ ከሆንክ ደግሞ ኤልኤልሲ (ከባለቤቱ ተለይቶ የተመዘገበ ድርጅት) ስላለህ ማንም አይነካህም። ያሉት ይህንን ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክስ እሠራለሁ፤ በዚህ ሥራ የሰው ዕዳ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ይታያል። የምጽፈው አጠቃላይ ነገር ነው፤ የየራሳችሁን ጉዳይ የባንክራፕሲ ጠበቃ ይየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትክክል የሆነውን አስቀድሜ ልቀበል። ባንክራፕሲ ሁሉንም ዕዳ አያጠፋም። የልጅ ማሳደጊያ አይሰረዝም። የቅርብ ዓመታት ታክስ አይሰረዝም። የተማሪ ብድርም ለብቻው ተከራክሮ ከባድ ችግር መኖሩን ለፍርድ ቤት ያላሳየ ሰው ላይ እንዳለ ይቀራል። ጸሐፊው ይህንን መጻፋቸው ጥሩ ነው፤ ብዙ ማስታወቂያ አይናገረውምና።

«ያለህን ሁሉ ይወስዱብሃል»

ለግለሰብ በዋናነት ሁለት መንገድ አለ። የሚጠሩት በባንክራፕሲ ሕጉ ምዕራፍ ቁጥር ነው። አንደኛው ቻፕተር 7 ነው። ትረስቲ የሚባል ባለአደራ ይመደባል። ሕግ ያልጠበቀው ንብረት ካለ ሸጦ ለባለገንዘቦች ያከፋፍላል። የቀረው ዕዳ፣ ሊሰረዝ የሚችለው ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ይሰረዛል። ገቢያችሁ ከስቴታችሁ መካከለኛ ገቢ በታች ከሆነ ለቻፕተር 7 የሚደረገውን የገቢ ማጣሪያ በቀላሉ ታልፋላችሁ። ከበለጠ ወጪያችሁ ተሰልቶ ይታያል። ሁለተኛው ቻፕተር 13 ነው። ንብረታችሁ እጃችሁ ላይ ይቆያል። በምትኩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በየወሩ አቅማችሁን ትከፍላላችሁ።

ጽሑፉ ሁለቱን ለይቶ አላነሳም። ሁሉም ነገር የተጣመመው ከዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ሕጉ የሚያየው የቤቱን ዋጋ አይደለም። ከዋጋው ላይ የባንኩ ብድር ሲቀነስ ለባለቤቱ የሚተርፈውን ነው፤ ኢኩዊቲ የሚባለውን። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ታውንሃውስ 450,000 ዶላር ያወጣል እንበል። ሞርጌጁ፣ የቤቱ ብድር፣ 425,000 ይቀረዋል። ለባለቤቱ የሚተርፈው 25,000 ነው። ሜሪላንድ ለመኖሪያ ቤት የፌደራሉን የጥበቃ ጣሪያ ትከተላለች። እሱ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 31,575 ዶላር ነው። ስለዚህ 25,000ው እንዳለ የተጠበቀ ነው። ትረስቲው ቤቱን ቢሸጠው ለባለገንዘቦች የሚያገኘው የለም፤ አይነካውም። ሰውየው ሞርጌጁን እየከፈለ ይኖርበታል።

ሌላ ቦታ ጥበቃው ከዚህም ይሰፋል። ዲሲ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት የተቀመጠ የገንዘብ ጣሪያ የለም። ብዙ ሐበሻ ያለባት ቴክሳስም እንደዚሁ ናት፤ እዚያ የሚገደበው የመሬቱ ስፋት ነው። ቤቱ ከ1,215 ቀን ወዲህ የተገዛ ከሆነ ግን የፌደራሉ ሕግ ጣሪያ ያበጅለታል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ደግሞ ባልና ሚስት እንደ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ቤት፣ ዕዳው የአንዳቸው ብቻ ከሆነ፣ የተለየ ከለላ አለው።

ኢኩዊቲው ከጣሪያው በጣም ከበለጠ የጸሐፊው ስጋት እውነት ነው። ከ20 ዓመት በፊት ቤት ገዝቶ ብድሩን ሊጨርስ የደረሰ የሜሪላንድ ሰው ቻፕተር 7 ውስጥ ዘው ብሎ መግባት የለበትም። ቻፕተር 13 የተበጀው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ሞርጌጅ ወደኋላ ቀርቶበት ባንኩ ሊሸጥበት የተነሳውም ውዝፉን በዓመታት ከፋፍሎ የሚከፍለው በዚሁ ነው። ፋይል በተደረገበት ቅጽበት ደግሞ ሕጉ ባለገንዘቦችን ያቆማል። የስልኩ ጋጋታ፣ ክሱ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው፣ የቤቱ ጨረታ፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ይህ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ መስመር እንኳ አልተነሳም። የነገ ሳምንት ቤቱ ጨረታ ላይ ለሚወጣ ሰው ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው።

አብዛኞቹ የግለሰብ ቻፕተር 7 ጉዳዮች የሚዘጉት ትረስቲው የሚሸጠው ነገር ሳያገኝ ነው። ልብሱ፣ የቤት ዕቃው፣ ብዙ ጊዜም መኪናው ከባለቤቱ ጋር ይቀራሉ። የመኪና ብድር ያለበት ሰው ግን መኪናውን ማቆየት ከፈለገ መክፈሉን ይቀጥላል።

ስለ ጡረታ ገንዘብ ሳነብ እጄን በአፌ ነው የጫንኩት። ጸሐፊው «ጨዋ ሰው 401ኬውን አውጥቶ ይከፍላል» ይላሉ፤ 401ኬ በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ገንዘብ ነው። 401ኬ ባንክራፕሲ ውስጥ ቢገባም አይነካም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው የጡረታ ገንዘብ የተጠበቀ ነው ያለው በ1992 ነው። ታዲያ ሕግ የጠበቀለትን ገንዘብ ሰው ለምን በእጁ ያፈርሳል? ሂሳቡን እንየው። ዕድሜው 59 ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ሰው 30,000 ዶላር ቢያወጣ፣ 10 ከመቶ ቅጣቱ 3,000 ነው። 22 ከመቶ የታክስ እርከን ላይ ከሆነ የፌደራሉ ታክስ 6,600 ነው። የስቴቱ ሲጨመርበት እጁ ላይ የሚቀረው 20,000 አይሞላም። ያ ገንዘብ የክሬዲት ካርድ ወለድ ይበላዋል። ዕዳው ከዓመት በኋላ እንዳለ ከተገኘ ሰውየው ያው ባንክራፕሲ ይገባል፤ ያን ጊዜ ግን ጡረታውም የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

«ቤቱን አስቀድመህ በወንድምህ ስም አድርገው»

ይህን መልስ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ምክር ነው።

ከባለገንዘብ ለመሸሽ ንብረት በዘመድ ስም ማዞር በአሜሪካ ሕግ ማጭበርበር ነው። ትረስቲው በፌደራሉ ሕግ 2 ዓመት ወደኋላ ሄዶ ዝውውሩን ያፈርሳል። በብዙ ስቴቶች ሕግ ደግሞ እስከ 4 ዓመት ይሄዳል። ፋይል ከመደረጉ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ባለገንዘብን ለመጉዳት ታስቦ ከተደረገ፣ ፍርድ ቤቱ የዕዳ ስረዛውን ጨርሶ ሊከለክል ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ቤቱንም ያጣል፣ ዕዳውም እንዳለ ይቀራል። ንብረት መደበቅና በሐሰት መማል ደግሞ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌደራል ወንጀል ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ቤት ቢቀመጥም የማይነካ መሆኑ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉን ታውንሃውስ አስቡት። ሕጉ ጠብቆለት ነበር። በወንድሙ ስም ካዞረው በኋላ ግን ያንን ጥበቃ ሊያጣው ይችላል።

«ማን ያውቃል?» የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ፋይል ሲደረግ የሚሞላ ረጅም ፎርም አለ። ባለፉት 2 ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥተዋል? ይላል። በእነዚያው 2 ዓመታት የሸጡት ወይም ያስተላለፉት ንብረት አለ? ይላል። ባለፈው አንድ ዓመት ለዘመድ የከፈሉት ዕዳ አለ? ይላል። ይህ ሁሉ ተሞልቶ የሚፈረመው ሐሰት ቢሆን እንደሚያስጠይቅ ታውቆ ነው።

ከ21 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከትረስቲው ጋር ስብሰባ አለ። አሁን በአብዛኛው በዙም ነው። ዳኛ የለም። ባለዕዳው መታወቂያውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ማስረጃውን ያሳያል፤ ይምላል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ፎርሙን ከመፈረምዎ በፊት አንብበዋል? የተጻፈው እውነት ነው? ያለዎትን ንብረት ሁሉ አስገብተዋል? ለሰው ያስተላለፉት ነገር አለ? ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ያልቃል። የባንክ ተወካይ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እውነቱን ለጻፈ ሰው ከዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ቢሮ) ወረፋ የሚቀል ነገር ነው። ለደበቀ ሰው ግን እያንዳንዱ መልስ በመሐላ የተቀዳ ቃል ይሆናል። የቤት ስም ዝውውር ደግሞ በካውንቲው መዝገብ ላይ ለማንም ክፍት ነው።

የእኛው ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸውን ነገሮችም ላንሳ፤ ጽሑፉ አልነካቸውም። አንዱ እቁብ ነው። «እቁብ ወረቀት የለው፣ ማን ይጠይቀኛል» ይባላል። ወረቀት አለው። በየሳምንቱ 500 ዶላር በዜል (ከባንክ ሂሳብ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ሲወጣ የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ተጽፏል፤ ስቴትመንቱን ደግሞ ትረስቲው ይጠይቃል። እቁቡ የወጣለት ሰው የቀረው ዙር ዕዳው ነው፤ መጻፍ አለበት። ገና ያልወጣለት ሰው ደግሞ የጣለው ገንዘብ ንብረቱ ነው፤ እሱም መጻፍ አለበት። የእቁብ ጸሐፊውን ለማሳፈር አይደለም። ተጽፎ ሲገኝ ጠበቃው ጥበቃ ሊፈልግለት ይችላል። ሳይጻፍ ሲገኝ ግን ጠበቃውም እጁ የታሰረ ነው።

ሌላው አገር ቤት ያለ ንብረት ነው። ሕጉ ንብረት ሲል የትም ዓለም ላይ ያለውን፣ በማንም እጅ ያለውን ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም ይጻፋል። የቤተሰብ ርስት ድርሻ ይጻፋል። በእናት ስም ተመዝግቦ በእናንተ ገንዘብ የተሠራ ቤት ካለም ለጠበቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ተጻፈ ማለት ተሸጠ ማለት አይደለም። ቻፕተር 13 ውስጥ የገባ ሰው ቤቱን ይዞ፣ ባለገንዘቦች በቻፕተር 7 ያገኙት ከነበረው ያላነሰ እየከፈለ መቀጠል ይችላል። የተደበቀ ኮንዶሚኒየም ግን የመላውን ዕዳ ስረዛ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛው ለዘመድ አስቀድሞ መክፈል ነው። «የባንኩ ይቅር፣ ወንድሜን ግን ልክፈለው» የሚል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ይሉኝታ ነው። ሆኖም ሕጉ ባለገንዘቦችን በእኩል ዓይን ያያል። ለዘመድ የተከፈለ ዕዳ አንድ ዓመት ወደኋላ ተሄዶ ሊመለስ ይችላል። ትረስቲው ገንዘቡን የሚጠይቀው ከወንድምየው ነው፤ እምቢ ካለም ይከሰዋል። ወንድምህን ለመጥቀም ያደረግከው ወንድምህን ፍርድ ቤት ያቆመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወንድምየው እንደ ማንኛውም ባለገንዘብ ይጻፋል። ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ ሰውየው በገዛ ፈቃዱ፣ ከአዲሱ ደመወዙ፣ ለወንድሙ መክፈል ይችላል። ሕጉ ይህንን በግልጽ ፈቅዷል።

«የሰው ገንዘብ መካድ ነው፤ ነውርም ኃጢአትም ነው»

ይህን ነጥብ በቀላሉ አላየውም። ያደግነው የሰው ዕዳ ይዞ መሞት በሚፈራበት ቤት ውስጥ ነው። ያ ፍርሃት ብዙ ደግ ነገር አለው፤ የእኛ እቁብ ያለ ውል የሚሠራውም በእሱ ነው።

ዳሩ ግን ዕዳ የሚሰረዝበት ሥርዓት መኖሩ የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየሰባተኛው ዓመት ለወንድም ያበደሩትን እንዲተዉለት ያዛል። ጸሐፊው ሃይማኖቱን ካነሱት ይህም አብሮ መነሳት ነበረበት። በአሜሪካም የባንክራፕሲ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ላይ በስም ተጽፏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1934 ሲያብራራው፣ ሕጉ የቆመው ቅን ሆኖ ሳለ ዕድል ለጎዳው ባለዕዳ ነው ብሏል። ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ፋይል አድርጓል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2011 አድርጓል። መኪናው ዛሬም ይሸጣል፤ አውሮፕላኑም ይበራል። የእነሱ የንግድ ውሳኔ የተባለ ነገር፣ በሆስፒታል ቢል የወደቀች እናት ላይ ሲደርስ ለምን ክህደት ይባላል?

አውቆ ያጭበረበረውን ሕጉ አይምርም። ከፋይሉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ከአንድ ባለገንዘብ ከ900 ዶላር በላይ የቅንጦት ዕቃ በዱቤ የወሰደ፣ ወይም በ70 ቀናት ውስጥ ከ1,250 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከካርድ ያወጣ ሰው፣ እንዳጭበረበረ ይገመታል፤ ያ ዕዳም ላይሰረዝ ይችላል። ቻፕተር 7 ዕዳውን የሰረዘለት ሰው በዚያው ቻፕተር ዳግመኛ ለመሰረዝ ከመጀመሪያው ፋይል 8 ዓመት መጠበቅ አለበት። አስራቱስ ለሚል ምእመን ደግሞ፣ በ1998 የወጣ ሕግ ባንክራፕሲ ውስጥ ላለ ሰው ከገቢው እስከ 15 ከመቶ ለቤተ እምነቱ መስጠትን ይጠብቃል።

ወረቀትና ክሬዲት

የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ባንክራፕሲ ገብተህ ታውቃለህ ብሎ አይጠይቅም። ስለ ታክስና ስለ ልጅ ማሳደጊያ ይጠይቃል። ፋይል ለማድረግም ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ እዚህ መኖር ወይም እዚህ ንብረት መያዝ ይበቃል።

ጸሐፊው ይህንን ስጋት ከየት እንዳመጡት ግን ይገባኛል። በ2020 አንዳንድ የግሪን ካርድ አመልካቾች አይ-944 የሚባል ፎርም እንዲሞሉ ተደርጎ ነበር፤ እሱ ስለ ባንክራፕሲ ይጠይቅ ነበር። በማርች 2021 ቀርቷል። የዚህ ዓይነት ደንብ ከአስተዳደር አስተዳደር ይለዋወጣል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ገና እየጠበቀ ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃም ቢያማክር መልካም ነው። ወረቀትን በእርግጥ አደጋ ላይ የሚጥለው ማጭበርበር ነው። የተደበቀ ንብረት ወንጀል ሆኖ ከተፈረደ፣ ጉዳቱም ከ10,000 ዶላር ከበለጠ፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው ከአገር የሚያስባርር ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ የመከረው የስም ማዞር ወደዚህ ነው የሚወስደው።

ክሬዲት ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ቻፕተር 7 ክሬዲት ሪፖርት ላይ 10 ዓመት ይቀመጣል። ቻፕተር 13 ደግሞ ለ7 ዓመት ይቀመጣል። አፓርታማ ሲከራዩ ያስቸግራል፣ ወለድም ይጨምራል። «ቤት አይታሰብም» የሚለው ግን ስህተት ነው። የኤፍኤችኤ ብድር (የፌደራል መንግሥት ዋስትና ያለው የቤት ብድር) ከቻፕተር 7 ስረዛ በኋላ በመደበኛው 2 ዓመት ነው የሚያስጠብቀው። ቻፕተር 13 ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ዓመት በሰዓቱ ከከፈለና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት ሊያመለክት ይችላል። ካርዶቹ ሁሉ ስድስት ወር ያልተከፈሉበት ሰው ክሬዲቱ ከወዲሁ ወድቋል።

ለታክሲ ነጂዎችና ቤታቸው ሕፃናት ለሚይዙ እናቶች አንድ ነገር ልጨምር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባንክራፕሲ ገብተሃል ብሎ ብቻ ላይሰንስ አይከለክልም፣ አይነጥቅም። የግል አሠሪም በዚህ ብቻ ሠራተኛ ማባረር አይችልም። ሕጉ በግልጽ ይከለክላል።

«7 ዓመት ታገስ» እና አደራዳሪዎቹ

7 ዓመት ያልተከፈለ ዕዳ ከክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ዕዳው የሚሞትበት ጊዜ አይደለም። ባንኩ በመካከል ሊከስ ይችላል። መጥሪያው ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርድ 12 ዓመት ይኖራል፤ መታደስም ይችላል። ከዚያ ደመወዙ ይቆረጣል፣ የባንክ ሂሳቡ ይያዛል። የታገሰው ሰው ከጀመረበት የባሰ ቦታ ላይ ራሱን ያገኛል።

ከአደራዳሪ ድርጅቶቹ አንዳንዶቹ በሐቅ ይሠሩ ይሆናል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ለካርዶቹ መክፈል አቁም፣ ለእኛ አጠራቅም ይላሉ። ማንም ባንክ የመደራደር ግዴታ የለበትም፤ እስከዚያው መክሰስ ይችላል። ውጤት ከመምጣቱ በፊት ክፍያ መቀበል በስልክ ለሚሸጥ እንዲህ ያለ አገልግሎት ከ2010 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ቀድሞ ክፈል የሚላችሁን ሽሹ። አንድ ነገር ደግሞ ከሙያዬ ልጨምር። ባንኩ 10,000 ዶላር ቢተውላችሁ 1099-ሲ የሚባል ወረቀት ይልካል፤ የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ እንደ ገቢ ይቆጥረዋል። ዕዳው ከንብረታችሁ የሚበልጥ ከሆነ ፎርም 982 ሞልቶ ማምለጥ ይቻላል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ ከነጭራሹ እንደ ገቢ አይቆጠርም።

«ኤልኤልሲ አለህ፣ አትነካም»

ኤልኤልሲ ባለቤቱን የሚጠብቀው ባለቤቱ በግሉ እስካልፈረመ ነው። የሬስቶራንቱን ኪራይ ማን ፈረመ? የዕቃ አቅራቢውን ዱቤ ማን ፈረመ? ትንንሽ ነጋዴዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በግል ዋስትና ፈርመዋል። በኮቪድ ጊዜ የመንግሥት የትንንሽ ንግዶች መሥሪያ ቤት የሆነው ኤስቢኤ ያበደረው የ30 ዓመቱ ብድር ከ200,000 ዶላር ሲበልጥ የግል ዋስትና ነበረበት። ከደንበኛ የተሰበሰበ የሽያጭ ታክስና ከሠራተኛ ደመወዝ የተቀነሰ ታክስ ደግሞ ኤልኤልሲውን አልፎ ባለቤቱን ይከተላል፤ በባንክራፕሲም አይሰረዝም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከዚያ ገንዘብ ላይ ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ካለ ይህን ይወቅ።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልጠቀሰው አንድ መንገድ አለ። ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ፣ በዋናነት ንግዶች ሥራቸውን ሳያቆሙ ዕዳቸውን በሚያስተካክሉበት በቻፕተር 11 ውስጥ ለትንንሽ ንግዶች የተለየ ክፍል ተከፍቷል፤ ሰብቻፕተር ፋይቭ ይባላል። ዕዳው አሁን ባለው ጣሪያ ከ3,424,000 ዶላር የማይበልጥ ንግድ ሊገባበት ይችላል። ባለቤቱ ሱቁን አይለቅም። በ90 ቀን ውስጥ ዕቅድ ያቀርባል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ከሚያተርፈው ይከፍላል። እንጀራ የሚያከፋፍል ድርጅት ደንበኛ እያለው በድሮ ዕዳ ብቻ ከሚዘጋ ይህ ይሻለዋል። ጥቅም የሚኖረው ግን ንግዱ በሕይወት እያለ ነው። ሠራተኛው ተበትኖ፣ ኪራዩ ተሰርዞ፣ መጋዘኑ ባዶ ከሆነ በኋላ የሚያድነው ነገር አይኖርም።

ለጸሐፊው የምቀበላቸው ከባድ ነጥብ የዋስ ጉዳይ ነው። የአክስት ልጅ መኪና ሲገዛ አብሮ የፈረመ ሰው፣ ልጁ ቻፕተር 7 ሲገባ ዕዳው እሱ ላይ ይወድቃል። የልጁ ዕዳ መሰረዙ ዋሱን አያድነውም። ቻፕተር 13 ለግል ፍጆታ የተወሰደ ብድር ላይ ዋሱንም በሂደቱ ጊዜ ይከልላል፤ ሆኖም ዕቅዱ ያልሸፈነውን ባለገንዘቡ ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ ዋስ ያለው ሰው ፋይል ከማድረጉ በፊት ዋሱን ቁጭ አድርጎ መንገር አለበት። በደብዳቤ ከሚሰማው ይልቅ ከአፉ ይስማው።

ወጪውም እንዲታወቅ ያህል፣ የቻፕተር 7 የፍርድ ቤት ክፍያ 338 ዶላር ነው። ገቢው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ሰው እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። የጠበቃው ለብቻ ነው። ከፋይሉ በፊት የክሬዲት ምክር ክፍለ ጊዜ መውሰድ ግዴታ ነው። ከትረስቲው ጋር በሚደረገው ስብሰባ እንግሊዝኛ ለማይሆንለት ሰው በስልክ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል። በየሰፈሩ «ፎርሙን እኔ እሞላልሃለሁ» ከሚሉ ጠበቃ ያልሆኑ ሰዎች ተጠንቀቁ። መተየብ ይችሉ ይሆናል፤ የትኛው ቻፕተር ይሻልሃል ብሎ መምከር ግን ሕጉ አይፈቅድላቸውም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። በሌላው ነጥብ ባንስማማም፣ ቤት በዘመድ ስም ስለማዞር የጻፉትን አንቀጽ ያንሱት። ጽሑፉን ያስተላለፋችሁም ያ አንቀጽ ስህተት መሆኑን በዚያው ግሩፕ ጻፉ። ምክሩን ሰምቶ ቤቱን ወይም መኪናውን ያዞረ ሰው ካለ ደግሞ ምንም ነገር ከመፈረሙ በፊት ለባንክራፕሲ ጠበቃ ይንገር። ከፋይሉ በፊት ንብረቱን በስሙ መልሶ ነገሩን በግልጽ ለጻፈ ሰው ነገሩ ብዙ ጊዜ ይቀልለታል፤ ትረስቲው ቀድሞ ካገኘው በኋላ ግን አይደለም።